አላመንኩም የሚለው ካርቶን

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእታለም፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ያ ጀርባሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ልብስ አጥበሽ በተነሳሽ ቁጥር ግድግዳ ትይዣለሽ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ትልቋ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች ሲሉኝ እዚህ ያለው ሰው እስኪሰለቸኝ ድረስ አውርቻለሁ። እማዬስ እንዴት ናት? ደረጃውን ትወጣለች ወይስ ዛሬም ከታች ሆና የቤቱን ሰው አንድ በአንድ እየጠራች ታወርዳለች? በጓሮ ያለው የሎሚ ዛፍ፣ የሚያፈሰው ጣራ፣ በሩን ካልረገጡት የማይዘጋው ጓዳ፣ እንዲያው ሁሉም እንዴት ነው?

እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። አንድ የመንጋጋ ጥርስ ተነቅሎልኛል፤ ከእሱ ሌላ የጎደለብኝ ነገር የለም። ክፍሌን አልቀየርኩም። መስኮቴ አሁንም የሚያየው የጋራዡን ጀርባ ነው። ጠዋት አውቶቡሶቹ ሞተር ሲያስነሱ አልጋዬ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ሰዓት መሙላት አያስፈልገኝም።

ፖስታ ሲደርስሽ ሰው ሞተ ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ማንም አልሞተም። ትናንት ቴምብር ልገዛ ሄጄ የፖስታ ቤቷ ልጅ፣ "ለመሰብሰብ ነው ወይስ ለመላክ?" አለችኝ። ለመላክ ነው ስላት እንደ ጉድ አየችኝ። ከመሳቢያዋ ሥር ፈልጋ እስክታገኘው ድረስ ሰልፉ ከኋላዬ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

ስልክ እያለ ወረቀት ለምን አስፈለገ ትዪኝ ይሆናል። በስልክ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ አንዴ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። የምነግርሽ ነገር እፍረት ያለበት ነው፤ እፍረት ደግሞ ለእኔ በወረቀት ይቀለኛል።

ባለፈው ስንደዋወል፣ ታላቅ ወንድማችን ከቤተሰቡ ግሩፕ ስላስወጣሽ ነገር አንስተሽ፣ "አንተማ ሥራ ላይ ሆነህ ሳታየው ቀርተህ ነው እንጂ፣ ብታየው ኖሮ ዝም አትልም ነበር" አልሽኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ መስመሩ ይቆራረጣል አልኩሽ። መስመሩ አልተቆራረጠም ነበር። አይቼዋለሁ፣ እታለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ለዚያች ቃልሽ መልስ ነው። ግን መልሱ የሚጀምረው ከጋራዡ ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ።

እንደምታውቂው የከተማ አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ጋራዥ የፍሬን ሠራተኛ ነኝ። ሠላሳ አምስት ሰዎች እንሆናለን። የቀድሞው አለቃችን አባ ለምን ይባሉ ነበር፤ ስማቸው ሳይሆን ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል ነው። ጋራዡ ውስጥ አንድ የእሳቸው ሥርዓት ነበረ። በእያንዳንዱ አውቶቡስ መሪ ላይ መዳፍ የሚያህል ካርቶን በክር ይንጠለጠላል። በአንዱ ፊት በአረንጓዴ ቀለም "ተሠርቷል"፣ በሌላው ፊት በቀይ "አላመንኩም" ተብሎ ተጽፏል። መኪናው ተጠግኖ ሲያልቅ አረንጓዴው ወደ ውጭ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሠራተኛ፣ መካኒክ ይሁን አጣቢ፣ ጎሚስታ ይሁን ዘበኛ፣ ካልተዋጠለት ገልብጦ ቀዩን ማውጣት ይችላል። የገለበጠው ምክንያቱን ይናገራል፤ የጠገነው መኪናው ሥር ገብቶ እያሳየ በምክንያት ይመልሳል። ገልባጩ ራሱ አምኖ ካርቶኑን እስኪያዞረው ድረስ መኪናው ከግቢ አይወጣም።

አንዲት ክልከላ ነበረች። ለጠየቀህ ሰው "አንተ ማነህ?" ማለት አይቻልም። ያለ ሰው በዚያ ቀን መጥረጊያ አንስቶ ግቢውን ሙሉ ይጠርጋል። አባ ለምን ራሳቸው ሁለት ጊዜ ጠርገዋል፤ ሁለተኛው ጊዜ ዝናብ ነበር።

እኔም በገባሁ በወሩ ጠርጌያለሁ። የኤሌትሪክ ሠራተኛዋን ሽቦ እንላታለን፤ ቀጭን ናት፣ ውሎዋም ከሽቦ ጋር ነው። የሠራሁትን ፍሬን ድምፁን ሰምታ አላመንኩም ብላ ገለበጠችብኝ። ደሜ ፈላ። "ስለ ፍሬን ምን አገባሽ? አንቺ ማነሽና ነው?" አልኳት ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ መኪናው ሥር ስገባ በቀኝ ጎማ በኩል አንድ ቡሎን በእጄ የሚዞር ሆኖ አገኘሁት። እያፈርኩ አጠበቅኩት፤ እያፈርኩ ግቢውን ጠረግኩት። ሽቦ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ "ያችን ጥግ ረስተሃታል" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ነን።

ሁልጊዜ ገልባጩ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ዘበኛችን፣ ዕድሜያቸው ከአባ ለምን የሚበልጥ ሰው፣ ቁጥር አሥራ አንድ ከበሩ ሊወጣ ሲል የሆነ ነገር ይንኳኳል ብለው በሩን ዘጉና ወደ ጋቢናው ወጥተው ካርቶኑን ገለበጡት። ሹፌሩ ሰዓት አለፈብኝ ብሎ ጸጉሩን ሊነጭ ደረሰ። ሦስት መካኒኮች ከሥር ገብተን ግማሽ ሰዓት ፈለግን። የተገኘው ከኋላ ወንበር ሥር የሚንከባለል ባዶ የውሃ ጠርሙስ ነው። ሁላችንም መሬት እስክንቀመጥ ሳቅን። ዘበኛው መግቢያ አጡ። አባ ለምን ግን ሄደው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸውና፣ "ነገም ከሰሙ ይገልብጡት" አሏቸው። ወደ እኛም ዞር ብለው፣ ዛሬ በጠርሙስ ካሳፈርናቸው ነገ ጎማው ሲወልቅም ዝም ይሉናል አሉን። ጠርሙሷ ዘበኛው ቤት መስኮት ላይ ዛሬም አለች።

አባ ለምን አምና ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ቦታ የመጣው ኃላፊ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ትሁት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ለሻይ ክፍላችን አየር ማራገቢያ ያስገባልን እሱ ነው። በገባ በሦስተኛው ሳምንት ካርቶንና ክር ለዚህ ዘመን አይመጥንም ብሎ ሁሉንም ሰብስቦ በጆንያ ወደ መጋዘን አስገባና የስልክ ግሩፕ ከፈተልን። ሥራው ሲያልቅ የመኪናው ፎቶ እዚያ ይለጠፋል፤ ያመነ ሰው አውራ ጣት ያስቀምጣል፤ ሃያ አውራ ጣት ሲሞላ መኪናው ይወጣል። ቀለል ያለ ነገር ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አላምንም የሚል ምልክት ግን አልነበረውም። ያላመነ ሰው ያለው ምርጫ ዝም ማለት ነው። ከዚያ ቆይቶ ዝም ያለውም መታየት ጀመረ። አውራ ጣቱ የዘገየበትን ሰው በማግስቱ፣ "ምነው፣ አኩርፈሃል እንዴ?" ማለት መጣ። ስለዚህ ሁላችንም ቶሎ ማስቀመጥ ለመድን። እኔማ ፎቶው ሳይከፈት ጣቴ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

ምን ያህል እንደለመድነው ልንገርሽ። አንድ ጠዋት ቀለም ቀቢያችን "ቁጥር ሰባት ተሠርቷል" ብሎ በአውቶቡሱ ፎቶ ፈንታ በስህተት የልጁን አዲስ ጫማ ፎቶ ለጠፈው። ሮዝ ጫማ ነው፤ ቢራቢሮ አለበት። ሃያ አንድ አውራ ጣት ተቀመጠለት። አንዱ እንዲያውም ከሥሩ "ጥሩ ሥራ ነው፣ ይውጣ" ብሎ ጽፏል። አራተኛው አውራ ጣት የእኔ ነው። ቁጥር ሰባት በቢራቢሮ ጫማ ዋስትና ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ዋለ። በአባ ለምን ጊዜ ይህ ቢሆን ዓመት የሚያስቅ ነገር ነበር። አሁን ግን ሰው አየው፣ ገባው፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከሳቅኩ በማን ሳቀ ይሉኛል ብሎ ሁሉም ሳቁን ዋጠው። እኔ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው፣ እታለም።

የሻይ ክፍሉን ብታዪው አታውቂውም። ስለ ኳስ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ሬዲዮ ዜና ሰው ጠረጴዛ እየደበደበ የሚከራከርበት ነበር። አሁን የሚሰማው ማራገቢያው ነው። ሰው የሆዱን መናገር ሲፈልግ ወደ እጅ መታጠቢያው ይሄድና ቧንቧውን ከፍቶ ነው የሚያወራሽ። ከግቢው ውጭም ቢሆን ያው ነው። ፀጉር የሚያስተካክለኝ ሰው በፊት አንድ ነገር ስናገር "እንዴት?" ይለኝ ነበር። አሁን አስቀድሞ በመስታወቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ያይና፣ "አንተ ግን ከየትኞቹ ነህ?" ይለኛል። ምን አሰብክ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ።

ወደ ሽቦ ልምጣ። የዛሬ ሦስት ሳምንት የቁጥር ሃያ ሁለት ፎቶ ተለጠፈ። አሥራ ስድስት አውራ ጣት እንደሞላ ሽቦ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "አላመንኩም። ትናንት ስንዘጋ የፍሬን መብራቱ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ዘግይቶ ሲበራ አይቻለሁ። ማን ፈትሾት እንደሆነ ይነገረኝ።" ያን ቃል በግሩፑ ላይ ያየነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።  ከዚያ መልእክቱ ይወርድ ጀመር። ከጀርባዋ ማን አለ? ኃላፊውን ልታሳጣ ነው። ድሮም ነገረኛ ናት። ለሌላ ጋራዥ ትሠራለች ወይ? በኋላ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ አርባ አንድ መልእክት ነው። መብራት የሚል ቃል ያለበት አንድም የለም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ሰው ልኮ መብራቱ ታየ። ደህና ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሽቦ ተሳስታለች። በዋዜማው ያየችው ጎን ለጎን የቆመውን የቁጥር ሃያ ሦስትን መብራት ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያው ቀን ተጠግኗል። መሳሳቷ ሲታወቅ ሠርግ ሆነ በይው። ጭንቅላቷ ላይ አምፖል የተሰካበት ሥዕል ሠርተው ለጠፉ። ወዲያው ከግሩፑ ተባረረች። በማግስቱ ከኤሌትሪክ ክፍል ወደ መኪና አጠባ ተዛወረች። ከዚያም የሥራ መንፈስ አውካለች ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሐሙስ ይሰየማል፣ እስከ ረቡዕ ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ እንድትሰናበት የሚጠይቀውን ወረቀት ይፈርማል ተባለ። ሽቦ ከሥራ ከወጣች ድርጅቱ የሰጣትን ክፍልም ትለቃለች። በዚያች ክፍል ከሁለት ልጆቿና ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው።

"ከግሩፑ ወጥታለች" ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ሃያ ስምንት አውራ ጣት አለ። አንዱ የእኔ ነው። ቡሎኔን ያስጠበቀችኝ ሴት ስትባረር ጣቴ ሥራውን ሠራ። ሳስቀምጠው ምንም አልተሰማኝም፤ ዳቦ እየበላሁ ነበር።

የተሰማኝ በኋላ ነው። ያን ማስታወቂያ ደግሜ ላየው ስልኬን ስነካካ ተሳስቼ የቤተሰባችንን ግሩፕ ከፈትኩ። ወደ ላይ ስወጣ አንቺ የተባረርሽበት ቀን ላይ ደረስኩ። አጎታችን የመዳብ አምባር የጉልበት ሕመም ይፈውሳል፣ እማዬ ክኒኑን ትታ አምባሩን ታጥልቅ ብሎ ጽፏል። አንቺም፣ "አጎቴ፣ ይህን ማን መርምሮ አረጋገጠው? ክኒኑን ከማቋረጧ በፊት ሐኪሟን ልጠይቅላት" ብለሻል። ሌላ አንድም ክፉ ቃል የለበትም። ከዚያ ሽማግሌ ተዋረደ፣ ተምሬያለሁ ብላ ናቀችን፣ እማዬ እንድትድን አትፈልግም ተባለ። በመጨረሻም ወንድማችን አስወጣሽ። ከሥሩ ዘጠኝ አውራ ጣት አለ። ከዘጠኙ አንዱ የእኔ ነው፣ እታለም። ዝም ብቻ አይደለም ያልኩት። ደግፌያለሁ።

አጎታችንን ፈርቼ ነው ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አንቺን ተቀይሜም ቢሆን ምክንያት ይሆነኝ ነበር። እውነቱ ግን ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነበር፤ ሌሎቹ አስቀምጠዋል፣ እኔም አስቀመጥኩ። ያኔ ያነበብኩት መልእክትሽን ሳይሆን ስንት ሰው እንዳስቀመጠ ነው። ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የእማዬን የመድኃኒት ወረቀት ይዘሽ፣ "ምን ይላል? እንዴት አወቅክ? አሳየኝ" እያልሽ በጣትሽ ፊደሉን ስትከተዪ አሁንም ይታየኛል። 

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሽቦን ለማየት ወደ አጠባው ሄድኩ። ቦቲ ጫማዋ ሁለት ቁጥር ይበልጣታል፤ ቱቦውን ይዛ የቁጥር ዘጠኝን ጎን ታጥባለች። አውራ ጣት ካስቀመጡት አንዱ እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳት። አውቃለሁ አለችኝ፤ አንድ ሰው አሳይቷታል። ውሃውን ዘግታ፣ "ተሳስቻለሁ እኮ። መብራቱ ደህና ነው፣ ልክ ናቸው። እኔን የቆረቆረኝ ያ ሁሉ መልእክት ሲጻፍ አንድ ሰው እንኳ ነይ አብረን እንየው አለማለቱ ነው። አብረን ብናየው በሁለት ደቂቃ ስህተቴን አውቄ እስቅ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ውሃውን ከፈተችና ሱሪዬን አረጠበችው፤ አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ አልፈረምኩም። ሐሙስ ጠዋት መጋዘን ገብቼ ጆንያውን ፈታሁት። ክሩን አይጥ በልቶታል፤ ካርቶኖቹ ግን ደህና ናቸው። ሁለት አነሳሁ።

ኮሚቴው የተሰየመው በሻይ ክፍል ነው፤ ኃላፊው፣ የመጋዘን ሹሙና የቢራቢሮ ጫማው ባለቤት ቀለም ቀቢያችን። እኛ ዙሪያውን ቆመናል። ሽቦ በአጠባ ልብሷ በሩ አጠገብ ናት። ኃላፊው ወረቀቱን አነበበና ሁሉም ፈርሞ አንድ ሰው ለምን እንደቀረ ጠየቀ። ወደ ፊት ወጣሁ። ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልሽ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የእማዬን አምባር ቢሰጡኝ አጠልቀው ነበር። ካርቶኑን ቀዩን ፊት ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ምክንያቴን ተናገርኩ። ሽቦ ተሳስታለች፤ ልክ ናት አላልኩም። ግን ምክንያቷን ጽፋ ነበር፣ ከአርባ አንዱ መልእክት ለምክንያቷ የመለሰ የትኛው ነው? መልሱን ያገኘነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስድቡ ግን ከጠዋት ጀምሮ ነው። ደግሞስ አይታ ያላመነችው ከምትባረር፣ ሳናይ ያመንነው ምን ልንሆን ነው? ይህን ብዬ ስልኬን አወጣሁና የጫማውን ፎቶ አሳየኋቸው።

መጀመሪያ የሳቁት ዘበኛው ናቸው። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ስድስት ወር የታፈነ ሳቅ በአንድ ጊዜ ወጣ። ቀለም ቀቢው እስኪያለቅስ ሳቀ። ኃላፊው ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን አየ፣ ከሥሩ ያለውን ስም ዝርዝር አየ። የመጀመሪያው አውራ ጣት የራሱ ነው። ጆሮው ቀላ። ስልኩን መለሰልኝና፣ "ለመሆኑ አንተ ማነህና ነው እኔን የምትጠይቀኝ?" አለኝ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ዘበኛው ወጡ። ተመልሰው ሲመጡ መጥረጊያውን ይዘው ነበር። በሰው መካከል አልፈው ከኃላፊው ወንበር አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ኃላፊው መጥረጊያውን አየ፣ እኛን አየ። አዲስ ሰው ነውና ነገሩ አልገባውም፤ ያስረዳውም ሰው የለም። ሠላሳ ሰው ግን የሚያየው መጥረጊያውን ብቻ ነበር።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽሽም። ከስብሰባው በኋላ ስድስት ሰዎች ፊርማቸውን ሰረዙ። ሽቦ ከሥራ አልተሰናበተችም፤ ክፍሏም አልተነካም፤ ግን ሦስት ወር በአጠባው ትቆያለች ተባለ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ከግሩፑም ተባረርኩ። ካርቶኖቹ ወደ መሪዎቹ አልተመለሱም። ሽቦ ብቻ ከሁለቱ አንዱን ወስዳ አጠባው ቧንቧ ላይ አንጠልጥላዋለች። ሹፌሮቹ መኪናቸውን ሊያሳጥቡ ሲመጡ ዝቅ ብለው ያዩታል፤ አንዳንዱ ይቺ ድምፅ ምንድን ናት ብሎ ይጠይቃታል። አብራ ሄዳ ታዳምጥለታለች። ዘበኛው ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር በሁለት እጃቸው ይጨብጡኛል።

በዚያው ሳምንት በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ፣ እታለም ምክንያቷን ተናግራ ነበር፣ ማን መለሰላት? የእኔንም አውራ ጣት አንስቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ወንድማችን አራት ደቂቃ ሳይሞላ አስወጣኝ። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ከሁለት ቦታ የተባረርኩ ሰው ነኝ፤ አንቺ ከአንድ ብቻ ስለሆነ በልጬሻለሁ። ስልኬ እንዴት ጸጥ እንዳለ ብታዪ።

እማዬ ጉልበቷ በአምባሩ ተሽሏታል ትላለች አሉ። እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ምናልባት አንቺ ተሳስተሽ ይሆናል፣ ምናልባት አየሩ ስለሞቀ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ሐኪሙን ጠይቀሽ የነገረሽን ጻፊልኝ። ልክ ብትሆኚም ባትሆኚም ያን ቀን ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ ቆይ፣ አብረን እንየው። አላልኩም። አውቶቡስ ቢሆን ፍሬኑን እፈታዋለሁ፤ ይህን ግን እንዴት እንደምጠግነው አላውቅም። ይቅር በዪኝ፣ እታለም።

እማዬን ሁለቱን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በደወልኩ ቁጥር መስመሩን ለቆልሽ የሚሄደው ጨዋነቱን አውቃለሁ። ለትልቋ ልጅ አንደኛ መውጣቷ ደስ ብሎኛል፣ ግን አስተማሪዋን መጠየቅ እንዳትተው በያት። ለመካከለኛው የላከልኝ ሥዕል ክፍሌ ግድግዳ ላይ እንዳለ ንገሪው፤ አውቶቡሱ አምስት ጎማ ያለው ለምን እንደሆነ ምክንያቱን ይጻፍልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ወንድማችንን አኩርፌው አይደለም፣ እወደዋለሁ፣ ይህንኑ ደብዳቤ ከፈለገ አንብቢለት። አጎታችንን ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ፤ ለእኔም ጉልበት አንድ አምባር ይላክልኝ፣ ግን በክኒን ላይ ነው የማጠልቀው።

ሁለተኛውን ካርቶን ከወረቀቱ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። አዲስ ክር አስሬበታለሁ፤ መሪ ስለሌለሽ ከጓዳው በር መያዣ ላይ አንጠልጥዪው። ይቅርታዬ ካልተዋጠልሽ ምክንያትሽን ጻፊልኝ፣ ደግሜ እመልሳለሁ፣ ካልበቃም እንደገና። ቀዩን ፊት ወደ ውጭ አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ እስክታምኚኝ ድረስ እንዳታዞሪው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጋራዡ ጀርባ ካለው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን